የፊት ቀኝ

መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር፤
ደሴ ጭጋጓን ሳታወልቅ፣ ጦሳ ገና ሳይገለጥ፣
ከግቢ ሳስወጣት፣ ፍሬኗን ስረግጥ፣
አንዴ "ጺጥ!"
"ጤዛ ነው" አልኩ፤ "ዲስኩ ሌሊት ዝጎ ያድራል፣
ሁለቴ ስይዘው ይለቃል።"
ለቀቀ። ሳምንት ያህል።

ከዚያ ሐረጎ ቁልቁለቱ ላይ፣
መንገዱ እንደ ተፈታ መቀነት እጥፍጥፍ ብሎ ሲታይ፣
በየጥምዝምዙ አንድ ረጅም ጩኸት፣
ሚስማር በጣሳ ላይ የተጎተተበት።
አህያ ነጂው ዱላውን እንደያዘ ቆሞ ያየኛል፤
ባጃጁ መንገድ ይለቅልኛል፤
ልጄ ሐናን ከኋላ ወንበር ድምፁን ትደግመዋለች፣
ከኮሮላዋ ታስበልጣለች።

ባሌ ተውፊቅ ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ከፈተ፣
"ይኸው፣ ጠፋ!" ብሎ በገዛ መላው ተደሰተ።
ጎረቤታችን አልዩ በአጥር አናት ብቅ ብሎ፣
"የሚንጫጫ በር በምን ዝም ይላል? በዘይት!"
አለና ጠርሙስ አቀበለኝ፣
የወጥ ዘይት፣ እስከ ወገቡ የጎደለበት።
ተቀበልኩ። አላፈሰስኩም።
ለምን እንደተውኩት እኔም አላውቅም።
ወጥ ሠራሁበት።

አባቴ ይማም፣ ሠላሳ ዓመት የአሰብን መንገድ የነዳ፣
በኤንትሬ፣ ከነተሳቢው፣ በሌሊት፣ በበረሃ፣
ጆሮውን ለሞተር ከፍሎ ነው ጡረታ የወጣ።
ጩኸቱ አይደርሰውም። ከጎኔ ተቀምጦ
ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወጋኛል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

አንድ ሐሙስ፣ ቁልቁለቱ መሀል፣ ወሬውን አቋረጠ።
ጫማውን አወለቀ።
በካልሲ እግሩን ወለሉ ላይ አሳረፈ፤
መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ፣
ያተኮሰው ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ፣ ቀስ።
"ርገጪ።" ረገጥኩ።
"ልቀቂ።" ለቀቅኩ።
"እንደገና።"
"የፊት ቀኝ" አለ። "በውስጥ በኩል።"
ሽንኩርቱን ካቆመበት ቀጠለ።

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ድልድይ ማዶ፣ ሙሄ ጋራዥ ገባን።
"ስትረግጪው ነው የሚጮኸው ወይስ ስትለቂው?"
"ስረግጠው።"
"ሲግልስ?"
"ያን ጊዜማ አይጣል ነው።"
በክሪክ አነሳት። ከአራቱ ቡሎን አንዱ እምቢ አለ፤
መፍቻውን በቧንቧ አስረዝሞ፣ ተንጠልጥሎ አሳመነው።
የውጪው ሸራ ገና ሥጋ አለው፤
የውስጡ ተበልቶ ተበልቶ እንደ ብስኩት ሳስቷል።
አባቴን አየሁት። እሱ የሰው መኪና ያያል።

"ይቺን አየሻት?" አለ ሙሄ፤ ከሸራው ጫፍ የታጠፈች ሚጢጢ ቆርቆሮ።
"ያበደችው እሷ ናት። ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን ትነካለች።
ሲሠሯትም እንድትጮህ ነው። ደሞዟን በልታለች።"
የፒንሳው ፒን ደርቆ፣ ነክሶ ይዞ ኖሯል፣
አንዱን ወገን ብቻ ሲያስከፍል።
የአልዩን ዘይት ነገርኩት።
ሳቁ መጣና ተመለሰ፤ መፍቻውን መሬት አስቀመጠ፤
"ብታስነኪው ኖሮ፣ እውነቱን ነው፣ ድምፁ ይጠፋል።
ሐረጎ ላይ እናንተም ትጠፋላችሁ።"

ፒኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፤ እሳት የሚችል ግራሶ ቀባ፤
ዲስኩን በጥፍሩ ዳሰሰ፣ "ቶርኖ አያስፈልገውም፣ ይቆያል።"
"የግራውስ ሸራ?" አልኩ፣ ቦርሳዬን እየደባበስኩ።
"እሱም ይቀየራል። አንድ እግር ጫማ ገዝተሽ ታውቂያለሽ?"
ሲጨርስ፣ "ፔዳሉን ምቺ፣ ምቺ፣ እስኪጠነክር፤
ሳይጠነክር እንዳትነቃነቂ።"

በማግስቱ ሐረጎን ወረድን። ዝም።
ሬዲዮኑን ዘጋሁት። የጎማውን ሹክሹክታ ሰማሁ፤
የተውፊቅን ቁልፎች፣ የሐናንን የአፍንጫ ትንፋሽ።
"ሞተች እንዴ?" አለች ሐናን፣ ቅር ብሏት።
"ተወው?" አለ አባቴ።
"ተወው" አልኩት በእጄ።
ራሱን ነቀነቀ። ዛሬ ጫማውን አላወለቀም።
ግን በየጥምዝምዙ በዓይኔ ጥግ አየዋለሁ፤
ቀኝ እግሩ፣ ከእኔ እግር ትንሽ ቀደም ብሎ፣
ወለሉን ይረግጣል፤
ፔዳል በሌለበት።