ባዶ ሦስት

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረቱ ሲጀምር፣
ሃያ ዓመት የተፈለጠ የድንጋይ ካባ ነበር።
መዶሻው ሄደ፤ ጉድጓዱ ቀረ፤
ክረምት ሲገባ ኩሬ ሆነ፤ አንድ ጥጃ በላና ዝም ብሎ አደረ።
ኋላ ሲኖትራኮች መጡ፣ በሌሊት፣ መብራት አጥፍተው፣
የኮንዶሚኒየም መሠረት ሲቆፈር የወጣውን አፈር ጭነው።
ጥቁር አፈር፣ ቀይ አፈር፣ የብሎኬት ስባሪ፣ ፌሮ፣
ፌስታል፣ ያንድ እግር ጫማ፤ የስንት ሰፈር ጓሮ።
ሞልቶ ተደለደለ። በወረቀት "አገገመ"።
ይመሰክር ዘንድ ስንዴ በመስመር ቆመ።

አሥራ ሁለት መደብ። ሦስቱ ዩሪያ ብቻ፤ ሦስቱ ኤን ፒ ኤስ፤
ሦስቱ ኮምፖስት፣ ከአትክልት ተራ ልጣጭ፣ ከበረት ፍግ፣ በትል የሚታመስ፤
ሦስቱ ደግሞ ባዶ። ምንም የማይጨመር።
"ዜሮው ካልታወቀ" ይላል ዶክተር ፋንታዬ፣ "መቶው በምን ይቆጠር?"

ኦቦ በዳሳ ዘበኛ ናቸው፤ በትር፣ ካፖርት፣ የእጅ ባትሪ አላቸው።
ካባው ሳይከፈት፣ እዚሁ አየር ላይ፣ ነበረ የሽምብራ ማሳቸው።
በካሬ ተለክቶ፣ ካሣው ተቆጥሮ፣ ብሩ በሁለት ክረምት አለቀ፤
ቀረ የግብር ደረሰኝ፣ በደረት ኪስ፣ በላብ የወየበ፣ መታጠፊያው የደቀቀ።

ሰኔ መጨረሻ ዘራን። ሐምሌ ላይ ዩሪያው ጠቆረ፣ ፎከረ፤
"ጉረኛ ነው" አሉ እርሳቸው፤ "ዝናቡ ይምጣ" ያሉት ያኔ ነበረ።
መጣ። ነሐሴ አጋማሽ፣ ሌሊት፣ ነፋስ የቀላቀለ።
ዩሪያው ተኛ፤ እንደ ሰካራም፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተንከባለለ።
ኤን ፒ ኤሱ ጨዋ ነው፤ ደህና አገዳ፣ ደህና ዛላ፤
ብሎኬት ያለበት ጋ ብቻ እየቆመ፣ እየቀረ ከኋላ።
ኮምፖስቱ ዘገየ። እስከ መስከረም ሰው ልብ አላለውም፤
ከዚያ ሥሩን ስንነቅል አፈሩ አብሮት መጣ፤ አልለቀቀውም።

ባዶዎቹስ?
አንደኛው ቢጫ፤ ቁመቱ ከጉልበት በታች፤
ሁለተኛው መንትያው፤ ድንቢጥ አረፈችበት፣ አየችና ተነሣች።
ሦስተኛው ግን፣ ከዘበኛው ቆርቆሮ ቤት ጥግ ያለው፣
ደረቴ ደርሶ ቆሟል፤ ምንም ያልተሰጠው፣ ሁሉ ያለው።

ኅዳር ላይ አጨድን። የእንጨት አራት ማዕዘን ጣልኩ፣
ዛላ ቆጠርኩ፣ በእጄ ፈተግሁ፣ አበጠርኩ፣ መዘንኩ።
ዩሪያ፦ አሥራ ስምንት ኩንታል በሄክታር፤ ቀሪውን ጭቃ በላው።
ኤን ፒ ኤስ፦ ሃያ ሦስት። ኮምፖስት፦ ሃያ አንድ፤ ለከርሞ ያስቀረውን ማን አየው?
ባዶ አንድ፦ ሰባት። ባዶ ሁለት፦ ስድስት ተኩል።
ባዶ ሦስት፦ ሃያ ስድስት። ሚዛኑን ዜሮ አድርጌ ደገምኩት፤ ያው ነው፣ እኩል።
"ዘር ተቀላቅሎ ይሆን?" አለ ዶክተሩ። "ወይስ የጎርፍ ደለል?"
እኔ አጎንብሼ አየሁ፦ አመድ፣ የበግ በጠጥ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ ያልነደደ ከሰል።

ማታ፣ መኪናው ሲሄድ፣ ኦቦ በዳሳ ጠሩኝ፦
"ልጄ፣ ስታልፉት አየሁ። አንዱን ስታጎርሱ፣ አንዱን ስትዘሉ።
ምን አጥፍቶ ነው? ብዬ ጠየቅሁ። 'ጥናት ነው' አሉ።
ለሦስቱም አልደርስ፤ ሁለት በግ ብቻ ነው ያለኝ።
የቅርቡን ያዝኩ። ሌሊት ሌሊት። ውሻ እንኳ አልጮኸብኝ።
ደግሞም ከባሕር ዛፉ በእርምጃ ለክቼዋለሁ፤ ሰባ ነው፤
በረቴ የነበረው እዚህ ላይ ነው። አፈሩ ቢሄድም ስፍራው ያው ነው።"

ዶክተሩ ነገ ይጠይቀኛል፤ ሠንጠረዡ ይጠብቃል።
መመሪያው ግልጽ ነው፦ የተበላሸ መደብ ከስሌት ይወጣል።
እርሳሴን ቀረጽኩ። ከባዶ ሦስት ፊት ለፊት ሰረዝ አደረግሁ፤
ሰረዙን ብዙ አየሁት። ከዚያ በኅዳጉ ላይ ይህን ጻፍሁ፦

"ግብዓት፦ አመድ፣ የሁለት በግ ፍግ፤ በእጅ፣ በሌሊት። መጠኑ አልታወቀም።
ድግግሞሽ፦ የለውም።"