ሰማንያ አንድ

ማታ ሦስት ሰዓት፣ የሌዳሞ ባጃጅ ግቢ ስትገባ፣
አንዲት ክኒን አለች፣ ከምስር ፍሬ የማትሰባ፣
ከብርጭቆ ውሃ አጠገብ ቁጭ ብላ የምትጠብቀኝ፣
ጎምዘዝ ብላ ምላሴን የምትነክሰኝ።

ሲስተር ታደለች ናት በካርዴ ላይ የጻፈችው፦
«አስፒሪን፣ ሰማንያ አንድ።»
ሳቄ መጣ፤ «ምነው?» አለች፤ «ምኑ ነው የሚያስቀው?»
በሰማንያ ነበር እኔና ሌዳሞ የተጋባን፣
ምስክር ቆሞልን፣ ፈርመን።
ሐኪም ቤቱ ደግሞ ጨመረልን አንድ፤
ሰማንያው እኛ ነን፤ አንዱ ስም የለውም፣
ይገላበጣል በዚህ ሆድ።

ለፊተኛዋ ግን ስም አውጥቼላት ነበር።

ያኔ ፓርኩ ውስጥ፣ ስፌት ክፍል፣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል፣
በሰባት ወሬ እግሬ ጫማ እምቢ አለ፣
ቀለበቴ ጣቴን ነክሶ ዋለ።
«ውሃ ነው» አሉኝ፤ «የነፍሰ ጡር ወግ ነው።»
ራሴን ሲወጋኝ፣ «ፀሐይ ነው፣ የሐዋሳ ፀሐይ ነው።»
ከመርፌው ጫፍ ላይ ብልጭ የሚል ኮከብ ሳይ፣
«መብራቱ ነው» አልኩ እኔም ለራሴ፣
በጠራራ ቀትር ላይ።
«ግፊትሽ!» አሉ፤ አምቡላንሱ እየጮኸ ሪፈራል ወሰደ፤
እዚያ ደግሞ፣ «ግፊ!» ግፊት ግፊን ወለደ፤
ግፊ ግን ልጅ አልወለደም።

ዘንድሮ ቀደምኩት። በአሥራ ሁለት ሳምንት ሄድኩ በእግሬ፤
ተመዘንኩ፣ ተለካሁ፣
ከጣቴ ጫፍ ደም ሰጠሁ፣ እህል ሳልቀምስ አድሬ።
«ስኳርሽ አፋፍ ላይ ነው» አለች፤ «ከአፋፍ መመለስ ይቻላል።»
የመመለሻዬ መንገድ፣ ጉድ እኮ ነው፣ በአሞራ ገደል ያልፋል!
ሻዬን ያለ ስኳር ለመድኩ፤ ለስላሳውን ለጓደኞቼ ተውኩ፤
ዓሣ በጎመን በላሁ።
አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር እሄዳለሁ፤ አባ ኮዳው ያየኛል፣
እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ጡረተኛ ሐኪም
ዝም ብሎ ይከተለኛል።

የሌዳሞ እናት ፈሩ፦
«ራስሽን ሳያምሽ አስፒሪን ምን ቤት ነው?
ደም ያቀጥናል አሉ፤ ደም ደግሞ የልጁ ቤት ነው።»
ይኸንኑ ጠየቅኩ። ሲስተር ብዕሯን አስቀመጠች፤
«ደሙ እንዳይረጋ ነው፣
ወደ እንግዴ ልጁ በሚወስደው ቀጭን መንገድ።
ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ አልዋሽሽም» አለች።
አልዋሽሽም ያለችኝን ነው የወደድኩት።

አሁን ሠላሳ አራተኛ ሳምንቴ ነው።
ጫማዬ ይገባል፣ ማሰሪያው ባይደርስም።
ቀለበቴን በክር አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ።
ዛሬ ጧት መለኪያው ክንዴን አንቆ ለቀቀ፤
«መቶ ሃያ ስድስት በሰማንያ» አለች ሲስተር።
«በሰማንያ!» አለ ሌዳሞ ከበር፣ «ፈርሜያለሁ እኮ!»
ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ደግማ ለካች።

አሥራ አራት ክኒን ቀርቷል። ቆጥሬዋለሁ።
ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ግድግዳው ላይ ብልጭ ይላል፤
መጀመሪያ እደነግጣለሁ።
ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፤ በሩ ይንኳኳል፤
መብራቱ የባጃጇ ነው።
እውጣለሁ።