የሕመሙ ስም

ሄርማታ ገበያ፣ ከመጋዜ ጥግ ሥር፣
ባልተላገ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስትናገር፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር።

«ጋሽ ሸሪፍ» አለችኝ፣ ፌነት የመድን ቤቷ ልጅ፣
«ይኼኛው ለሞት አይደለም፣ ለተረፈ ሰው ነው እንጅ።
ካንሰር ቢሆን፣ ልብ ቢሆን፣ ኩላሊት ቢደክም፣
ሐኪም በስሙ ጠርቶ ማኅተሙን ቢያትም፣
ገንዘቡ ባንዴ ይመጣል፤
ለምን አዋሉት ብሎ የሚጠይቅዎ የለም።»

እኔ የማውቀው እድር ነው። እድር ስሞት ይደርሳል፣
ድንኳኑን ይተክላል፣ ድስቱን በጋሪ ያስጭናል።
ለታመመ ሰው ግን፣ ካልጋ ለማይነሳ፣
መዝገቡ ላይ መስመር የለም፤ ደንቡም ያን ረሳ።

ታጁን አየሁት አምና።
ኩላሊቱ ሲከዳው ባጃጁን ሸጠና፣
ቀጥሎ የሚስቱን ወርቅ፣ ቀጥሎ፣ ምን ቀረና፣
ለሰርጉ የሠራሁለትን የዋንዛ ቁምሳጥን
በግማሽ ዋጋ አመጣልኝ። ገዛሁት።
እንዲህ ነው የረዳሁት።
ከሱቄ ጀርባ ቆሟል፤ እስከ ዛሬ በሩን አልከፈትኩት።

ማታ መብራት ጠፋ። ልጄ ኢክራም በስልኳ ብርሃን
ታነብልኝ ጀመር፣ ጥቃቅኑን ፊደል፣ ውሉን፦
«በመጀመሪያው ዘጠና ቀን ብትታመም፣ የለህም።
ከዝርዝሩ ውጭ ብትታመም፣ የለህም።
ሕመሙ ታውቆ ሰላሳ ቀን ሳትቆይ ብትሞትም፣
አባዬ፣ ያን ጊዜም የለህም።»
«ያን ጊዜማ እውነትም የለሁም!» አልኳት። ሳቅን።
ዚነት አልሳቀችም፤ ጣቷ ላይ ትቆጥር ነበር ወሩን።

«ባትታመምስ?» አለች። «አይመለስም» አልኳት።
«ገንዘቡ የነሱ፣ ጤናው የኛ ይሆናል።»
ዝም ብላ ቆይታ፦
«ታዲያ ጤና የተረፈው ሰው፣ ተበላሁ ይላል?»

ሙያዬ በርጩማ ነው። ወጣ ገባ መሬት ላይ
ሦስት እግር ያለው አይነቃነቅም፤
አራተኛ ስትጨምርበት ነው መንገዳገድ የሚጀምር።
እድር አንድ፣ እቁብ ሁለት፣ ዘመድ ሦስት፤
ይበቃል ብዬ ነበር የኖርኩት።
ለታጁ ግን ሦስቱም ነበሩት።

ቅጹ ላይ፣ ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፦ «አባትዎ በምን ሞቱ?»
እስክሪብቶዬ ቆመች።
ሰቃ ደወልኩ፣ እናቴ ዘንድ።
«ሆዱን ነበር» አለች።
«ሆድ ስም አይደለም፣ እማ።»
ዝም አለች። እሷም ጋ ይዘንባል፤
ከድምጿ በፊት የጣራዋን ድምፅ ሰማሁ።
«ወረቀት አለ» አለች፣ «ሃያ ሁለት ዓመት በሳጥኔ ሥር።
ያልነገርኳችሁ፣ ስሙን ከጠራሁት ተመልሶ እንዳይመጣ ነበር።»

ቢደበቅ ማን ያውቃል?
ስንጥቅ ጣውላ በሙጫና በመጋዝ ዱቄት ደፍኜ፣
ቀለም ቀብቼ ሸጬ አውቃለሁ፤ አልዋሽም።
ክረምት ሲገባ ግን እንጨቱ ይናገራል፤
ያኔ ገዢው ፊት አቆምም።

ጻፍኩት። ፊደሉ ጠመም ብሏል።
ፌነት አነበበችው፤ ቀስ ብላ፦
«ዋጋው ሊጨምር ይችላል፣
ወይ ይኼን አንዱን ሕመም ላይሸፍኑልዎ ይችላሉ።»
«የቀረውን ይሸፍኑ» አልኳት።
«በትልቁ አይደለም፣ በትንሹ፤
እቁቤን ሳላቋርጥ የምችለውን ያህል፣ በግማሹ።
እሱን አንዱን ደግሞ እኔው ራሴ ሐኪም ቤት ሄጄ
ሳይጠራኝ ልጥራው፣ በስሙ።»

ሄደች፤ ጃንጥላዋን ረሳች፤ ተመልሳ ወሰደች።

ሲመሽ ከሱቁ ጀርባ ዞርኩ።
የታጁን ቁምሳጥን ከፈትኩ። ማጠፊያው ጮኸ፤ ዘይት አላየም።
ውስጡ አሁንም የሰው ቤት ይሸታል።
ሁለቱን ወረቀቶች፣ የአባቴንና የኔን፣
ላዩ መደርደሪያ ላይ፣ ጎን ለጎን አኖርኩ።
በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩ።