ልኩን የማያውቅ

ከሃይሉኦቶ ደሴት፣ በፖስታ፣ በካርቶን ታሽጎ፣
አንድ አሮጌ ኮምፒውተር መጣልኝ፣ ዕድሜው ፊቱን አጠይሞ፣ አድርጎ
እንደ ጀልባ ወለል። ላዩ ላይ የዓሣ ሽታ፣
አብሮት ወረቀት፣ በእርሳስ የተጻፈ፣ የታይስቶ ስሞታ፦
«የባሕሩን በረዶ ውፍረት እመዘግባለሁ፤
የጠዋቱን ቁጥር ማታ አጣዋለሁ።
ሂልያ፣ እስቲ እዪው።»

ኦውሉ የካቲት ነው። ገና በአሥራ አንድ ሰዓት መስኮቴ ጠቁሯል።
ክዳኑን ከፈትኩ፤ አቧራው መካከል ጨው ይብለጨለጫል።

የማሽንም መንደር እንደ ሰው መንደር ነው፤
መሬት ይታደላል፣ ድንበር ይተከላል፣ ሁሉም ድርሻ አለው።
ከርነል ገመድ ጣይ ነው፤ ኃይል ሲበራ ተነሥቶ፣
በየደጁ ይዞራል፦ «ስንት ይበቃሃል?» ብሎ፣ በሩን መትቶ።
አጠያየቁም ለብቻው ነው፦
መዝገቡን እስከ ጥግ አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ ይሞላል፤
መሣሪያው የማይለወጠውን ዜሮ አድርጎ ይመልሳል፤
በዜሮው ብዛት ይዞታው ይሰላል።

የኔትወርክ ካርዱ አንገቱን ደፍቶ፣ ትሑት መስሎ፣
«ስምንት ኪሎባይት» አለ፣ «ይበቃኛል» ብሎ።
ስምንት ተሰጠው። ከአጠገቡ ዲስኩ ሰፈረ።
ሌሊቱን ግን ካርዱ ድንበር ሲገፋ አደረ፤
ለዲስኩ የተላከውን መልእክት በር ላይ ቆሞ ይቀበላል፣
የታይስቶን ቁጥር ይውጣል።

እኔ ሦስት ሌሊት የሌለበትን ከሰስኩ፦
ዲስኩን ቀየርኩ፣ ሜሞሪውን ነቀልኩ፣
የገዛ ኮዴን ሰደብኩ።
ማን ይጠረጥራል ጥቂት የለመነን?
«ይበቃኛል» ያለን፣ ድርሻውን ያሳነሰን?

በአራተኛው ቀን ለታይስቶ ደወልኩ።
በረዶው ላይ ነበር፤ ከቃሉ ይልቅ ነፋሱን ሰማሁ።
«በረዶው እንዴት ነው?» አልኩት፣ እንዲያው ለወሬ።
«ላዩማ ሁልጊዜ ደህና ነው» አለኝ። «እኔ ግን ይህን ያህል ኖሬ
ላዩን አምኜ አልቆምኩም።
እበሳዋለሁ፣ ሜትሬን እሰዳለሁ።
በረዶውን አልጠይቅም።»

ስልኩን ዘጋሁና ካርዱን በሳሁት።
ከአድራሻ አድራሻ፣ አንድ በአንድ ነካሁት።
ስምንተኛው ላይ «አቤት» አለኝ፤ ይሁን፣ የራሱ ነው።
ዘጠነኛው ላይ «አቤት»።
ሃያኛው ላይ፣ በሰው ደጅ፣ በሰው ስም፣ «አቤት»።
ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ደከም ባለ ድምፅ «አቤት»።
ሠላሳ ሦስተኛው ላይ
ዝም።

ማንን ልክሰስ? ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል።
የነደፈው ሰው ምናልባት ጡረታ ወጥቷል፤
ምናልባት ዓርብ ማታ ነበር፣ የመጨረሻው ባቡር ሊያመልጠው፤
ውሸትም አይባል፤ ሲሊከን ላይ የደረቀ ችኮላ ነው።

ሰባት መስመር ጻፍኩ፦
አምራቹ ይህ ከሆነ፣ ሞዴሉም ይህ ከሆነ፣
የሚለውን አትስማ፤ ሠላሳ ሁለት ስጠው፤
ጎረቤቱን ፈቀቅ አድርገህ አስፍረው።
ከበላዩ ማስታወሻ፦ «ይህ ካርድ ልኩን አያውቅም። አትቆጡት።»
«አትቆጡት» የምትለውን ሰረዝኳት፤ የኮድ ቃል አይደለችም ብዬ።
ከመተኛቴ በፊት መልሼ ጻፍኳት።

ማክሰኞ ታይስቶ ደወለ። ቁጥሮቹ አልጠፉም፦
ሃምሳ ስምንት፣ ስልሳ፣ ስልሳ አንድ ሴንቲሜትር።
ድምፁ ደስ ብሎት ነበር።
«አንተስ?» አልኩት። ኤርያ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው።
«እንጨት አለህ ወይ? ትበላለህ ወይ? እንቅልፍስ? ምን ጎደለህ?»
እስከ ጥግ ድረስ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ሞልቼ ጠየቅኩት።
«እኔን? ምንም» አለኝ።
ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ከዚያ ስልኩን ከአፉ አርቆ ሳለ።

ቅዳሜ በበረዶው መንገድ እሻገራለሁ።
ስልሳ አንድ ነው፤
መኪና ይሸከማል።