ዘንጉ ያው ነው

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ዊኒፔግ ነጥታለች፤
ማርጎ ከሥራዋ በቀጥታ መጥታለች።
የኤርፖርት ባጇ ካንገቷ አልወረደም፤
ሲያገለግል የዋለው ፈገግታም ከፊቷ አልሄደም።

እኔ ዘንግ አንሺ ነኝ፣ ያለ ደሞዝ፣ በውዴ፤
ማክሰኞና አርብ ነው ሜትር ይዤ መውረዴ።
የወደቀ ማንሳት፣ የተዛነፈ ማቅናት፣
ቁመቱን ለክቶ መጥራት፤ ሙያዬ ይቺው ናት።

ኮቫልቹክ አዘዘች፦ «አንድ ከሰባ ስምንት!»
ቅዳሜ ያለፈችው ስንዝር ተርፏት፣
ፍራሹ ላይ ሆና፣ እግሮቿን ዘርግታ፣
«ጨምሩበት» ያለችው፣ ብርቱካኗን ልጣ፣ በልታ።

ዛሬ ግን ቆመች።
ዘንጉን አየችና ወደ እኔ ዞረች፤
«ከፍ አላደረግኸውም?» ብላ ጠየቀች።

ለካሁ። ያው ነው። አሳየኋት ቁጥሩን።
«እሺ» አለች። አላመነችም ግን ሜትሩን።

ቀኗን አልነገረችኝ፤ እኔ ግን አውቃለሁ፤
ሻንጣ የጠፋብኝ ጊዜ፣ ባንኮኒዋ ፊት ተሰልፌ፣ ሥራዋን አይቻለሁ።
ሻንጣው የጠፋ ሰው እሳት ይተፋል፤
«ይቅርታ ጌታዬ» ስትለው ይብስበታል፤
ጣቱን ካይኗ ሥር ቀስሮ፣ ደብተሯን ይገፋል።
መልሷ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠች።
ቀጣዩ መጣ፤ ዋጠች። እስከ ምሳ አሥራ ሰባት ዋጠች።
የአንዷ ባልደረባ ልደት ነው፤ ኬክ ዞረ፤
ሽታው ተጠጋት፤ «ለእኔ ይቅርብኝ» አለች፤ ሳህኑ ተሻገረ።
ስልኳ ሦስቴ ጮኸ፤
ማን እንደሆነ አይታ፣ ገልብጣ አስቀመጠች።

በስምንት ሰዓት ውስጥ እግሯ ርምጃ አልሮጠም፤
ባቷ እንዳደረ ነው፤ ጉልበቷ አልደከመም።
ታዲያ ምንድን ነው ያለቀው?

ጠዋት ድፍን ብር ይዛ ወጥታ ነበር ከቤቷ፤
ለአንዱ ዝምታ፣ ለአንዱ ፈገግታ፣
ሲመነዘር ዋለ ከፊቷ፣ ካንገቷ።
ማታ፣ ለራሷ ተራ፣ ኪሷን ብትገለብጠው፣
«እችላለሁ» የሚባለውን ቃል በምን ትሸምተው?

ሮጠች።
ዘጠኝ ርምጃ ነው ጠቅላላው፤
ሰባተኛው ላይ አየሁ፤ እግሯ አይደለም፣ ዓይኗ ነው የሰነፈው።
ዘንጉ ተንኳኳ፤ ወደቀ፤ አነሳሁ።
በተረከዟ ጣለችው፤ ደግሜ አነሳሁ።
ሦስተኛው ላይ፣ ገና ሳትነሳ፣
አንገቷን ደፍታ፣ ድምጿን አለሳልሳ፣
በዚያው በባንኮኒው ቃል፣ በዚያው ትሕትና፣
ዘንጉን «ይቅርታ» አለችው፣ እንደ ደንበኛ ቆጥራው መሰለኝና።

ኮቫልቹክ አልተቆጣችም። ፊሽካዋን ኪሷ ከተተች፤
«ማንን ነው ይቅርታ ያልሽው?» ብላ ብቻ ጠየቀች።
ማርጎ ሄዳ ፍራሹ ላይ ተዘረረች።
መጀመሪያ በቀስታ፣
ከዚያ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ድምጿን ከፍታ፣
ከጠዋት የዋጠችውን አንድ በአንድ መለሰች፦
ለባለሻንጣው፣ ለስልኩ፣ ለኬኩ ሳይቀር። በመጨረሻ ሳቀች፣
ወይ አለቀሰች፤
ክንዷን ፊቷ ላይ ጥላ ነበር፤ አልለየሁትም።
ያን ማታ ግን አልዘለለችም።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ቀና ብዬ አየሁት።
እውነትም ከፍ ያለ መሰለኝ። ተጠጋሁት።
እኔም ቀን ቀን ሹፌር ነኝ፤ አውቶቡስ እነዳለሁ፤
ዛሬ በመስተዋት እያየኝ የሰደበኝን ሰው
«መልካም ቀን» ብዬ አውርጄዋለሁ።
ሜትሬን ዘረጋሁ። ደግሜ ዘረጋሁ።
አንድ ከሰባ ስምንት።
እጄን ስላላመንኩት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ለካሁ።

ሌላ ጊዜ አውርጄ፣ ግድግዳ ሥር ነው የማስጠጋው፤
ዛሬ ተውኩት፣ እዚያው።
አርብ እረፍቷ ነው።