የአፈሙዝ ቅኝት

አምስት ጥይት ተኩሼ፣ አምስት ቦታ በሳሁ።
ወረቀቱን፣ የክለቡን ጠመንጃ ይዤ፣ ሐረጎን ቁልቁል ወረድሁ፤
ኮምቦልቻ፣ ከቶርኖ ቤቱ በር ቆሜ፣ «ጋሽ አሊጋዝ» አልሁ፣
«እጄን ምን እንደነካው፣ እኔስ መች አወቅሁ?»

ወረቀቱን ይዞ ወደ መስኮት ዞረ፣
ቀዳዳ ከቀዳዳ በጥፍሩ ቆጠረ።
«እጅ የሳተው ጥይት ዙሪያውን ይበተናል፤
ያንቺ ሽቅብ ነው፣ ቁልቁል ነው፤ ይሰለፋል።
እጅሽን ተዪው ሩቂያ፣
ብረቱን ጠይቂያ።»

ቀጭን ዘንግ አንሥቶ ከሞርሳው አሰረ፤
ጫፉን በጣቱ ሲነካው፣ ዘንጉ ነዘረ።
«አየሽ? ምላጭ ስትስቢ፣ ጥይቷ ሳትወጣ፣
አፈሙዙ ወርዶ ነው፣ ወጥቶ ነው፣ የሚመጣ።
ማቆም አይቻልም።
ግን ዞሮ ሊመለስ ሲል፣ እጥፋቱ ላይ፣
ቆም ይላል፣ ከጥቅሻ ባጠረች ጊዜ፣ ለዓይን በማትታይ።
እዚያች ላይ ትውጣልሽ።»

ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ የተጣለ ነሐስ ነበረው፤
ላጨው፣ በሳው፣ ጥርስ አወጣለት፣ ካፈሙዙ ጫፍ አዞረው።
ዙሪያውን ሃያ አምስት ጭረት ጫረበት።
«አንድ ጭረት አዙሪ፣ አምስት ተኩሺበት፣
ጻፊ። ደግሞ አዙሪ።
ቀለበቱ ወደ ፊት ሲርቅ ንዝረቱ ይዘገያል፣
ሲቀርብ ይፈጥናል።»

ደሴ፣ ማለዳ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል።
ደብተሬ እንዲህ ይላል፦
ሦስት፦ ተበተነ። ሰባት፦ ባሰበት።
ዘጠኝ፦ የጦሳ ጉም ወርዶ ኢላማው ላይ ተኛበት፤
ተነሥቶ እስኪሄድ ድረስ፣ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።
አስራ አራት፦ አምስቱም ባንዲት ብር ሳንቲም ሥር!
አስራ አምስት፦ ደግሞ ብትን፣ እንደፈሰሰ ምስር።

ቃኘሁት፣ አልሁ ለራሴ።
ይችን ቃል ባለክራርም ይላታል፣ ወታደርም ይላታል፤
ጋሽ አሊጋዝ የትኛው እንደነበር
ጠይቄው አላውቅም።

ልነግረው ወረድሁ። «አስራ አራት!» አልሁት፣ ገና ከበር።
«እሱ የደሴ ነው፤ እዚህ ሙቀት ላይ፣ ሌላ ነው ቁጥር።»

ሻይ መጣ። ብርጭቆውን ሲያነሣ፣ እጁ ራደ፤
ከክርኑ እስከ ጣቱ ወጣ፣ ወረደ፣
ወጣ፣
ወረደ፤
ሊመለስ ሲል ግን፣ እጥፋቱ ላይ፣ ከንፈሩን አደረሰ።
ጠብታ አልፈሰሰ።
«ስኳሩ» አለ ጋሽ አሊጋዝ፣ «አነሰ።»