ሁለት በር

ኦውሉ ላይ በታኅሣሥ፣ ቀን የሚባለው ጥቂት ሰዓት ነው፤
ከዚያ ወዲያ አውቶቡሴን ጨለማ ነው የሚሳፈረው።
ባሕሩ በረዶ ሆኗል፣ ሰው በላዩ በብስክሌት ያልፋል፤
ወንድሜ ታውኖ ከኋላዬ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ይቀመጣል።
ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ጫማው ክረምት ከበጋ አንድ ነው።
በፌስታሉ ሦስት ጣሳ ቢራ፣ በኪሱ የመርፌ ቀጠሮ አለው።
ትኬት አልጠይቀውም። እሱም ወዴት እንደምንሄድ አይጠይቀኝም።
በመስታወቱ አየዋለሁ፦ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ለእኔ ግን አይደለም።

ድምፆቹ የመጡት ሃያ ሁለት ሲሞላው ነው፣
መጀመሪያ ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ደጅ እንደሚጠና ሰው።
ኋላ ቤቱ የእነሱ ሆነ፣ እሱ ተከራይ።
«አንዱ አባባ ነው» ይለኛል፤ «እንጨት ሲቆጥር ይውላል፣
እኔ ጋ ሲደርስ ይሳሳትና እንደገና ይጀምራል።»

«ቢራው ያጠፋቸዋል?» አልኩት አንድ ማታ።
«አያጠፋም። ወደ ጎረቤት ክፍል ይወስዳቸዋል። በግድግዳ ሲመጣ
ድምፅ ብቻ ነው፣ ቃል አይደለም።»
ይህን ያህል ግልጽ ነገር ከሐኪም ሰምቼ አላውቅም።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ኮሪደር አለ፣ ሁለት በር ፊት ለፊት።
የግራው የመጠጥ ክፍል፦ «መጀመሪያ አእምሮህን ታከምና ና» አለው።
የቀኙ የአእምሮ ክፍል፦ «መጀመሪያ መጠጡን ተውና ና» አለው።
መካከሉ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፣ ራሴ ቆጥሬዋለሁ፤
አሥራ አንድ እርምጃ ስድስት ክረምት ሲፈጅ አይቻለሁ።
ከሁለት ያጣ ጎመን ይሉታል እንዲህ ያለውን፤
ጎመን እንኳ ድስት ያገኛል፣
ታውኖ ያገኘው ኮሪደሩን።

እኔም እጄ ንጹሕ አይደለም።
አንዴ ጣሳዎቹን በሙሉ ደፋሁበት፣ በጎ የሠራሁ መስሎኝ።
በዚያው ሌሊት ፖሊስ ከድልድዩ ሥር አገኘው፣
ሁለቱንም ጆሮውን በበረዶ ጠቅጥቆ።

ዘንድሮ ቬንላ የምትባል ነርስ ቤቱ ድረስ መጣች፤
ጣሳ አልቆጠረችም፤ እርጥብ ካልሲዋን አውልቃ ማሞቂያው ላይ አሰጣች።
«አባትህ ቆጠራ የሚጀምረው መቼ ነው?» አለችው።
ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀው የለም። እኔም ብሆን።
«ሲመሽ።»
«እንግዲያው ሲመሽ እደውላለሁ። መርፌውንም እዚሁ እወጋሃለሁ።
ሦስቱን ጣሳ ሁለት ማድረግ ከቻልክ አድርግ፣
ካልቻልክም ስልኩን አንሳ።»

ዳነ አልልም። ሁለት የሆነበት ሳምንት አለ፣
ዘጠኝ የሆነበት አለ፣ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም ያለበትም አለ።
ትናንት ግን መጨረሻው ፌርማታ ላይ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣
«ኢርያ» አለኝ፣ «አባባ ዛሬ ሳይሳሳት አለፈኝ።»
የምመልሰው ጠፋኝ። በሩን ከፈትኩ፣ ብርድ ገባ፣ መልሼ ዘጋሁት።
ለመመለሻው አራት ደቂቃ ይቀረኝ ነበር፤
ከመሪው ተነሥቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።
ከውጭ የሚቆጥረን ቢኖር ሁለት ነን።
ታውኖ ስንት እንደሚለን አልጠየቅሁትም።